ከላሊበላ ልደት ወደ ጎንደር ጥምቀት፦ የ179 ኪሎ ሜትር መንገድ

በበዓላት ቀመራችን ልደትና ጥምቀት የቅርብ ጎረቤታሞች ናቸው። ታኅሣሥ 29 ቀን በደብረ ሮሃ ቅዱስ ላሊበላ፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ከላይ በዐለቱ ጠርዝ፣ ከታች በቅጽሩ ተሰልፈው «ቤዛ ኵሉ» ሲሉ የሰማ ምእመን፣ ጥር 10 ቀን በጎንደር ታቦታቱ ወደ ዐፄ ፋሲል የጥምቀት ባሕር ሲወርዱ ለመድረስ የሚቀሩት ቀናት 11 ናቸው። ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን ስለሚውል አንድ ቀን ይጨመርለታል። ሁለቱን በዓላት በአንድ ዓመት፣ እያንዳንዱን በየሥፍራው ለማክበር የሚመኝ ቤተሰብ ብዙ ነው። ምኞቱ ግን ዘወትር አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ከዚያ እስከዚህ ምን ያህል ይርቃል? በስንት ሰዓትስ ይደረሳል?

በዛሬው የበዓል ገጻችን የምናቀርብላችሁ ሐተታ ዓላማው የሁለቱን ከተሞች ታሪክ መዘርዘር አይደለም፤ ያ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። የምናተኩረው በመካከላቸው ባለው መንገድ ላይ ነው። ርቀት ሲባል አንድ ቁርጥ ያለ አኃዝ ይመስለናል እንጂ፣ ተጓዡ በምን እንደሚሄድ፣ ዕድሜውና ጤናው፣ ወቅቱም ጭምር አንዱን ርቀት የተለያየ ያደርገዋል።

አስቀድመን አየሩን እንመልከት። ከላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተን፣ ጎንደር አዘዞ እስካለው እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በካርታ ላይ ክር ብንወጥር፣ ክሩ ወደ ምዕራብ፣ ጥቂትም ወደ ሰሜን አዘንብሎ 179 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን አኃዝ ያገኘነው የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ወስደን በማስላት ነው። አብራሪዎች ርቀትን የሚቈጥሩት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በባሕር ማይል ነው። አንዱ የባሕር ማይል 1 ኪሎ ሜትር ከ852 ሜትር ስለሆነ ይኸው መንገድ በእነርሱ አቈጣጠር ወደ 97 ዝቅ ይላል። 97 የሚለውን አኃዝ ብቻ አይቶ «ይህማ ከአዲስ አበባ አዳማ ማለት ነው» ብሎ የሚደነቅ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

ርቀቱ ከታወቀ ዘንድ ጊዜውን ማግኘት ቀላል ይመስላል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገር ውስጥ መሥመሮች የተሰማራው ኪው 400 የተባለው ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን በሙሉ ፍጥነቱ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ይችላል። በዚህ ፍጥነት 179 ኪሎ ሜትር 17 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ላለ አጭር መሥመር በጉዞ ሰሌዳ ላይ የሚያዘው ጊዜ ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ሰሌዳው የሚቈጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ በሌላው ማረፊያ እስኪቆም ድረስ ያለውን ጊዜ በመሆኑ ነው። በሜዳው ላይ ቀስ ብሎ እየተንከባለለ ወደ መንደርደሪያው መሄድ አለበት፤ ተንደርድሮ ከተነሣም በኋላ ከፍታ እስኪይዝ ድረስ ፍጥነቱ ገና ነው። በአጭር መንገድ ደግሞ ከፍታውን ይዞ ሳይደላደል መውረድ መጀመር ይኖርበታል። ለመውረድም መዞር፣ ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር መስተካከል፣ ከመንደርደሪያው ፊት ለፊት መምጣት ይጠበቅበታል። ሩቅ መንገድ ላይ እነዚህ ደቂቃዎች አይታወቁም፤ በላሊበላና በጎንደር መካከል ግን የጉዞውን እኩሌታ ይወስዳሉ።

ሌላም የሀገራችን ጠባይ አለ። ሁለቱም ማረፊያዎች ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ ክንፉ አውሮፕላኑን ለማንሣት፣ ሞተሩም ለመገፍተር ብዙ ይደክማሉ። ስለዚህ መንደርደሪያው መርዘም፣ አንዳንዴም ጭነቱ መቀነስ አለበት። ላሊበላ ላይ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከአጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። አብራሪው እንደ ቆላው ሜዳ ከፈለገው አቅጣጫ ገብቶ የሚያርፍበት ቦታ አይደለም።

በመስኮት በኩል ለተቀመጠ መንገደኛ ግማሽ ሰዓቱ እጅግ አጭር ነው። ላሊበላን ለቆ ሲወጣ የላስታ ገደላገደል፣ የተከዜ ሸለቆ መነሻ፣ ከዚያም የእብናትና የበለሳ ወጣ ገባ መሬት ከበታቹ ይዘረጋል። የጉና ተራራ ከመሥመሩ በስተግራ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይቀራል፤ በስተቀኝ ከአድማሱ የስሜን ተራሮች አሉ። ወደ አዘዞ ሲቃረብ በደቡብ በኩል የጣና ሐይቅ ውኃ ያብለጨልጫል። ከእነዚህ መሬቶች አብዛኞቹ ቤተ ክርስቲያን ያልተለያቸው ናቸው። በየጉብታው ላይ በጽድና በወይራ የተከበበ ጥቁር አረንጓዴ ክብ ነገር የሚታየው ሁሉ አንድ ደብር ነው። አውሮፕላኑ የሚያልፈው በእነዚህ ሁሉ በላይ ነው።

ይህ እንግዲህ ከማረፊያ እስከ ማረፊያ ያለው ነው። ምእመኑ የሚሄደው ግን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ከመንደርደሪያ ወደ መንደርደሪያ አይደለም። የላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ማረፊያው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ዝቅ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ጠመዝማዛውን ቁልቁለት በመኪና መውረድ ግማሽ ሰዓትን አልፎ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። መንገደኛው ደግሞ ከበረራው ሰዓት ቀደም ብሎ መገኘት፣ መፈተሽ፣ ጓዙን ማስመዘን አለበት። አዘዞም ከጎንደር ከተማ መሐል ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ይህ ሁሉ ሲደመር፣ ካደረበት ቤት ወጥቶ ጎንደር ካረፈበት ቤት እስኪገባ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይሆነዋል። በአየር ላይ የዋለበት ጊዜ ከጠቅላላው አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው።

በዚህ አጋጣሚ የበዓል መንገደኞችን ደጋግሞ ስለሚያሳስት ነገር ጥቂት እንበል። በቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የፈረንጅ ሰዓት ነው። 08:30 የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ30 ማለት ሲሆን፣ 14:00 የሚለው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ይህን አብዛኛው ሰው ለምዶታል፤ የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። ልደት በፈረንጆቹ አቈጣጠር ዘወትር ጃንዋሪ 7 ቀን ይውላል፤ እኛ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 የምናከብረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥምቀት ግን ከጥር 11 ስለማይነቃነቅ፣ በሌሎቹ ሦስት ዓመታት ጃንዋሪ 19፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ጃንዋሪ 20 ቀን ይሆናል። ልደትና ጥምቀት በየዓመቱ እኩል የተራራቁ መስሎት ያለፈውን ዓመት ቲኬት አይቶ የሚቈርጥ ሰው አንድ ቀን ሊያዛባ ይችላል።

ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀንስ? የሰሜኑ ታሪካዊ መሥመር ተብሎ በሚታወቀው ጉዞ አውሮፕላኖች ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን እያያያዙ ሲመላለሱ ለብዙ ዓመታት ኖረዋል። ሆኖም የበረራ ፕሮግራም እንደ ወቅቱና እንደ ተሳፋሪው ብዛት ስለሚለዋወጥ፣ በተፈለገው ቀን ከላሊበላ በቀጥታ ጎንደር የሚያደርስ ላይገኝ ይችላል። ያን ጊዜ መንገደኛው ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ እንደገና ወደ ሰሜን ይወጣል። ከላሊበላ አዲስ አበባ በአየር 332 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር ደግሞ 419 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 751 ይሆናሉ። 179 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኝ ከተማ ለመድረስ ከ4 እጥፍ በላይ መዞር ማለት ነው፤ ቦሌ ላይ የሚጠበቀው ሰዓት ሳይቈጠር። በዚህ ዓይነቱ ቀን መኪና ከአውሮፕላን እምብዛም አይዘገይም።

የመኪናው መንገድ ራሱን የቻለ ወግ አለው። ከላሊበላ ወደ ደቡብ 64 ኪሎ ሜትር ተጕዞ ጋሸና ላይ ከወልድያ–ወረታ መንገድ ጋር ይገናኛል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን ስለሠሩት የአካባቢው ሰው «የቻይና መንገድ» እያለ የሚጠራው ይህ መንገድ፣ በደጋው ጀርባ ላይ በፍላቂት፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር በኩል አድርጎ ወረታ ይወርዳል። ነፋስ መውጫ ስሙን ያገኘው በከንቱ እንዳልሆነ፣ በታኅሣሥና በጥር ማለዳ እዚያ ከመኪና የወረደ ሁሉ ይመሰክራል። ከወረታ ወደ ሰሜን ሲታጠፉ ከባሕር ዳር የሚመጣው የጎንደር መንገድ ይቀበላል። ጠቅላላው ከ350 ኪሎ ሜትር አያንስም፤ የአየሩ መሥመር እጥፍ መሆኑ ነው። ምክንያቱም አውሮፕላኑ የሚሻገረውን የተከዜን ሸለቆ መኪናው አይሻገረውም፤ ደጋውን ይዞ በደቡብ በኩል ይዞረዋል። መንገዱ ሰላም ከሆነ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይፈጃል።

የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው የተጠራው ዐፄ ቴዎድሮስ ከዚሁ ደጋ የተወሰነውን በሌላ ዓይነት ጉዞ ያውቁት ነበር። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ይዘው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ሲነሡ፣ መንገድ እየጠረጉና ገደል እየናዱ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። ከ5 ወር በላይ ፈጀባቸው። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ቀጥታው ዛሬ ከላሊበላ ጎንደር ከሚበረረው ያንሳል። በእርሳቸው ስም የተሰየመውን ማረፊያ ለቆ የሚነሣ አውሮፕላን ያንን የሚያህል ርቀት የሚያልፈው ተሳፋሪው ሻይውን ጠጥቶ ሳይጨርስ ነው።

አሁን ወደ እግረኛው እንምጣ። በቀደመው ዘመን ርቀት የሚለካው በቀን ነበር፤ «የሁለት ቀን መንገድ»፣ «የሳምንት ስንቅ የሚፈጅ» ይባላል። በቅዱሳት መጻሕፍትም ልማዱ ይኸው ነው። ደብረ ዘይት ከኢየሩሳሌም የሰንበት መንገድ ያህል እንደሚርቅ፣ ኤማሁስም ስድሳ ምዕራፍ ያህል እንደሆነች ተጽፎ እናነባለን። የምናከብረው የልደት በዓል ራሱ የመንገደኞች በዓል ነው። ከናዝሬት እስከ ቤተ ልሔም ቀጥታው 111 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ የሄዱበት መንገድ ግን ከዚያ መርዘሙ አይቀርም። ወንጌላዊው ስንት ቀን እንደፈጀባቸው አልጻፈልንም፤ ደርሰው ማደሪያ ማጣታቸውን ብቻ ጻፈልን።

ከላሊበላ ጎንደር በእግሩ የሚሄድ ምእመን አቋራጩን ይዞ፣ በላስታ ቁልቁል ወርዶ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ በእብናትና በበለሳ በኩል ቢወጣ፣ መንገዱ ከአየሩ መሥመር በእኩሌታ ያህል ይረዝምበታል ብለን እንገምት። ወደ 270 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ሽምግልና ያልተጫነው ሰው ስንቁን ተሸክሞ፣ ዳገትና ቁልቁለቱን ጨምሮ፣ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በ11ኛው ቀን ይደርሳል። ታኅሣሥ 30 ማለዳ የተነሣ ሰው 11ኛው ቀኑ ጥር 10፣ የከተራ ዕለት ነው! እኛ ቀመሩን ያስቀመጡት አባቶች ይህን አስበው ነው አንልም፤ የሁለቱ በዓላት ቀን ከላሊበላም ከጎንደርም በፊት የተወሰነ ነውና። ግን በሁለቱ በዓላት መካከል ያለው ጊዜ ለአንድ እግረኛ ልክ ሆኖ መገኘቱ ያስደንቃል። እሑድን አርፋለሁ ካለ ግን በቀሪዎቹ ቀናት በቀን ወደ 30 ኪሎ ሜትር መሄድ ይኖርበታል።

ይህ ሰው በመንገዱ ላይ ብቻውን አይደለም። ጥር 6 ቀን ግዝረት፣ በማግሥቱ ጥር 7 ቀን ሥላሴ ናቸው። ሁለቱንም በመንገድ ላይ ባገኘው የገጠር ደብር ያስቀድሳል፤ ስሙን እንኳ ቀድሞ ባልሰማው። «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ በደጀ ሰላም ያድራል፤ የመንደሩ ሰው ከቤቱ ያወጣውን ይቀምሳል። የደብሩ አስተዳዳሪ «ከየት ነው?» ብለው ይጠይቁታል፤ የላሊበላን በዓል ይነግራቸዋል። እነዚያ አውሮፕላኑ በላያቸው የሚያልፍባቸው ጥቁር አረንጓዴ ክቦች ለእግረኛው ስም ያላቸው ማደሪያዎች ናቸው። የሳላ ጣሪያ ያለውንም፣ መጋረጃው ያረጀበትንም ያያል፤ አቅም ቢኖረው ለጧፍና ለዕጣን የሚሆን ይሰጣል። የአየሩ መንገድ ከፍ ባለ ቍጥር እነዚህ አድባራት እንግዳ እያጡ ነው ብለን ብንል የተጋነነ አይመስለንም።

ስለ ርቀት ካነሣን ዘንድ ስለ ራሱ ስለ ላሊበላ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በትውፊት እንደሚነገረው ቅዱሱ ንጉሥ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ያስፈለፈለው፣ ምእመናን ኢየሩሳሌምን ለመሳለም በረሃና ባሕር እያቋረጡ የሚያልቁበትን መከራ ለማስቀረት ነው። ከላሊበላ ኢየሩሳሌም በቀጥታ መሥመር 2,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1187 ዓ.ም. ሳላሕ አድ ዲን ከተማይቱን ከመስቀል ጦረኞች እጅ የወሰደበት ዘመንም ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። በዐለቱ መካከል የሚያልፈው ወንዝ ዮርዳኖስ ተብሎ ተጠርቷል፤ ጎልጎታም፣ ደብረ ሲናም እዚያው አሉ። ስለዚህ ላሊበላ ገና ከጥንቱ የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ሥራ ነው። አውሮፕላኑን «መንፈሳዊ ጉዞን ያቀለለ የዘመን መሣሪያ» እያሉ የሚያዝኑ ወገኖች ይህን ቢያስቡት መልካም ነበር።

እርግጥ ነው፣ ክርክሩ በየቤቱ አለ። «በአውሮፕላን ሄዶ መሳለም ምን በረከት አለው? በረከቱ ያለው በድካሙ ነው» የሚሉ አሉ። በላሊበላ የልደት እንግዶችን እግር ማጠብ የቆየ ልማድ መሆኑን እያነሡ፣ ከአውሮፕላን ለወረደ ሰው የሚታጠብ ምን አቧራ አለው ብለው የሚቀልዱም አሉ። ድካም ዋጋ እንዳለው እኛም አንክድም። ነገር ግን ጕልበታቸውን የሚያማቸውን፣ የደም ግፊት ያለባቸውን እናት እናስብ። በወጣትነታቸው ልጅ አሳድገው፣ ቤት ጠብቀው፣ መንገድ መሄድ በሚችሉበት ዕድሜ መሄድ ሳይችሉ ቀርተዋል። አሁን ልጆቻቸው ደርሰው «እማዬ፣ የት እንውሰድዎ?» ሲሏቸው የሚመልሱት «ላሊበላን አይቼ ልሙት» ነው። ለእኒህ እናት 350 ኪሎ ሜትር የኮረኮንችና የአስፋልት መንገድ አይታሰብም፤ 11 ቀን እግር ደግሞ ጭራሽ። ያለ አውሮፕላኑ ላሊበላና ጎንደር ለእርሳቸው እንደ ኢየሩሳሌም የራቁ ናቸው። ድካሙን በሌላ መንገድ ቀድመው ከፍለውታል።

ደግሞም አየሩ ራሱ ዘወትር ክፍት እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ላሊበላ ግን ለረጅም ጊዜ የነበራት የአፈር መንደርደሪያ ስለነበር ክረምት ሲገባ በረራው ይቋረጥ ነበር፤ ያን ጊዜ በቅሎና እግር ብቻ ይቀሩ ነበር። አስፋልቱ ከተነጠፈ በኋላ ደግሞ ሌላ መዘጋት መጣ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የጎንደርና የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያዎች ሮኬት ተተኰሰባቸው። በዚያው ዓመት ክረምት ላሊበላ በጦርነቱ እጅ ገብታ ወደ እርስዋ የሚደረገው በረራ ቆመ፤ በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጦሩ ከከተማዋ ከራቀ በኋላ የልደት በዓል እንደ ገና ተከበረባት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣ ወደ ክልሉ ከተሞች የሚደረጉ በረራዎች ለጊዜው ተቋርጠው ነበር። በእነዚያ ወራትም 179ኙ ኪሎ ሜትር አንድ ሜትር አልጨመረም፤ ጊዜው ግን በደቂቃም በቀንም የሚቈጠር መሆኑ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ የዚህን ዓመት ጉዞ የሚያስብ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ርቀቱ ሳይሆን መንገዱ ክፍት ስለመሆኑ ነው፤ የአየሩንም የምድሩንም።

ቀጥታ በረራ አግኝቶ በግማሽ ሰዓት ለሚሻገር ሰው የቀሩትን ቀናት ምን እንደሚያደርጋቸው አስቀድሞ ቢያስብ ይበጀዋል። ልደትን አክብሮ በማግሥቱ ጎንደር መግባት ይችላል፤ ገብቶ ግን ከ9 ቀን በላይ ይጠብቃል። የተሻለው፣ የዕረፍት ፈቃዱ ካለው፣ ጊዜውን ላሊበላ ዙሪያ መዋል ነው። በዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ በመኪና ከግማሽ ቀን በላይ አይጠይቅም፤ የነአኵቶ ለአብ ገዳምም ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ወጣ ብሎ ይገኛል። ጥር 7 ቀን ጎንደር ለመድረስ የሚያመቻቸው ደግሞ የሥላሴን በዓል በደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ጣሪያው በመላእክት ፊት በተሣለበት ቤተ መቅደስ ሊያከብሩ ይችላሉ።

በጥር 10 ማለዳ ለመብረር የሚያስቡትን ግን አንመክራቸውም። ዕለቱ ገሃድ ነው፤ ይጾማል። የጠዋቱ በረራ በጉም ወይም በሌላ ምክንያት ለጥቂት ሰዓታት ቢዘገይ፣ የሚጾሙ አረጋውያንን ይዞ በማረፊያው አዳራሽ መዋል ነው። ከተራውም ያመልጣል። ቢያንስ ጥር 8 ወይም 9 ቀን አዘዞ ደርሶ፣ አርፎ፣ ማደሪያ አስተካክሎ መጠበቅ ይሻላል፤ በዚያን ሰሞን ጎንደር ላይ ማደሪያ እንደ ቤተ ልሔም ነው።

ከተራ ዕለት ከቀትር በኋላ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ይወጣሉ። ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ የሚሞላው የዐፄ ፋሲል የጥምቀት ባሕር ከከተማው መሐል 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህችን ግን ከላሊበላ በእግሩ የመጣውም፣ በመኪና የዞረውም፣ በአየር የተሻገረውም ከታቦቱ ኋላ ሆኖ በእግሩ ይሄዳታል።